ልብስ ሰፊዋ እናት

እስቲ አንድ ሸሚዝ አንሡና እጅጌው ከትከሻው ጋር የተጋጠመበትን ስፌት ተመልከቱ። ክሩ ቀጥ ብሎ ሄዷል። ይህን ስፌት የሰፋው ሰው ስም ግን በሸሚዙ ላይ የለም። ኮሌታው ውስጥ የተጻፈው ስም የነጋዴው ስም ነው። ዛሬ የምናነበው በሠሩት ልብስ ላይ ስማቸው ስላልተጻፈ ሴቶች ነው። የተወለዱት በፖርቱጋል፣ የሠሩት በአሜሪካ ነው።

የምንተርክላችሁ የአንዲት እናትን ኑሮ ነው። ይሁን እንጂ ይህች እናት አንድ ሰው ብቻ አይደለችም። በዚያ ሥራ ያለፉ የብዙ ሴቶችን ኑሮ ሰብስበን እንደ አንዲት ሴት አድርገን አቅርበነዋል። ስም አላወጣንላትም። ልጆቿ «እማዬ»፣ የልጅ ልጆቿ ደግሞ «አቮ» ይሏታል። አቮ በፖርቱጋል ቋንቋ ሴት አያት ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ደሴቲቱ

ፖርቱጋል በአውሮፓ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። በእኛም አገር ታሪክ ስሟ ይነሣል። በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በምጽዋ በኩል ገብተው በአፄ ገላውዴዎስ ወገን ተዋግተዋል። ከዚህችው አገር ወደ ምዕራብ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል፣ አዞረስ የሚባሉ ዘጠኝ ደሴቶች አሉ። እነርሱም የፖርቱጋል ናቸው። ትልቋ ደሴት ሳዎ ሚጌል ትባላለች። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ስለሆነ ለም ነው። ሣሩ፣ ላሙ፣ ሻዩ ሁሉ አለ። ታዲያ ምን ጎደለ? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መሬቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። ሌላው ሰው በቀን ሙያተኛነት የሰው መሬት ይቆፍር ነበር።

የዚህች እናት አባትም እንዲሁ የሰው መሬት ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። እርሷ የተወለደችው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ሕፃናት ሦስት ዓመት ብቻ እንዲማሩ ይገደዱ ነበር። ያም ቢሆን በድሃ ቤት ሁልጊዜ አይፈጸምም። ግዴታው ወደ አራት ዓመት ሲያድግ እንኳ ለወንዶች በ1956፣ ለሴቶች ግን በ1960 ነው። ሴቶቹ አራት ዓመት ዘግይተው ደረሳቸው ማለት ነው። በ1970 በተደረገው ቆጠራ በፖርቱጋል ከአራት ሰዎች አንዱ ማንበብና መጻፍ የማይችል ነበር። ልጅቱ ከእነዚህ አንዷ ናት። ትምህርት ቤት ጀምራ ነበር፤ እናቷ ሌላ ልጅ ስትወልድ ግን ሕፃኑን የሚይዝ ስለጠፋ ቀረች።

በአሥራ አንድ ዓመቷ ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ተሰጠች። መጀመሪያ ሥራዋ ቤት መጥረግ፣ ከወለል ላይ የወደቀ መርፌ መልቀም ነበር። ከዚያ ጠርዝ መቀምቀም፣ ከዚያ የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት ተማረች። በመጨረሻ በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ላይ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ሳዎ ሚጌል በነጭ ጨርቅ ላይ በሰማያዊ ክር በሚሠራ ጥልፍ የታወቀች ናት። ልጅቱ ይህንንም ተማረች። ለሚዳሩ ልጃገረዶች በአንሶላው ጫፍ ላይ የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ትጠልፍ ነበር። ፊደሉ በጠመኔ ተነድፎ ይሰጣታል፤ እርሷ ንድፉን ተከትላ ትሰፋዋለች። የሰፋችው ፊደል ምን እንደሚባል ግን አታውቅም ነበር። ይህን ነገር አትርሱት፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

አሜሪካንም ያወቀችው በልብስ ነው። ቀደም ብለው የሄዱ የደሴቲቱ ሰዎች ለዘመዶቻቸው አሮጌ ልብስ በጆንያ ይልኩ ነበር። ጆንያው ሲከፈት የሚሸተው የሳሙና ሽታ እንኳ በመንደሩ ለብዙ ቀን ይወራለታል። ልብሱ ግን እንዳለ አይለበስም። አሜሪካዊው ሰፊ ነው፤ ወይም ፋሽኑ ለገጠር አይሆንም። ስለዚህ ልብስ ሰፊዎቹ ስፌቱን ይተረትሩታል፤ ጨርቁን ገልብጠው እንደ አዲስ ይሰፉታል። ከአንድ ካፖርት የሁለት ልጆች ኮት ይወጣል። ገበሩም አይጣልም። እንግዲህ ይህች ልጅ የአሜሪካ ፋብሪካ ልብስ እንዴት እንደሚገጣጠም ያወቀችው እየተረተረች ነው። ኋላ የጠቀማትም ይኸው ነው።

መንገዱ

ከደሴቶቹ ወደ አሜሪካ መሄድ የቆየ ነገር ነው። ሆኖም ከ1920ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለየአገሩ ኮታ ስለመደበ በሩ ጠቦ ነበር። መስከረም 1957 ፋያል በምትባለው ደሴት ካፔሊኞስ በሚባለው ቦታ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ለ13 ወር ያህል አመድ ዘነበ። ቤት ፈረሰ፣ እርሻ ተቀበረ። በዚህ ምክንያት የማሳቹሴትሱ ሴናተር ጆን ኬኔዲና የሮድ አይላንዱ ሴናተር ጆን ፓስቶሬ ሕግ አቀረቡ። በ1958 ለ1,500 የቤተሰብ ኃላፊዎች ቪዛ ተፈቀደ። ከዚያም በ1965 የወጣው ሕግ የአገር ኮታውን ሻረና ቤተሰብን ከቤተሰብ ለማገናኘት ቅድሚያ ሰጠ። አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ ያም የራሱን እየጠራ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ፖርቱጋላውያን ወደ አሜሪካ ገቡ።

ከድህነቱ ሌላ የሚያስገድድ ነገርም ነበር። በዚያን ጊዜ ፖርቱጋል በአምባገነን አገዛዝ ሥር ነበረች። ከ1961 ጀምሮ በአንጎላ፣ ቀጥሎም በጊኒ ቢሳውና በሞዛምቢክ የነፃነት ተዋጊዎችን ለመውጋት ወጣቶቿን ትልክ ነበር። ጦርነቱ ያበቃው አገዛዙ በ1974 ከወደቀ በኋላ ነው። ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ልጇ ዕድሜው እስኪደርስ ትቆጥር ነበር። የእኛይቱም እናት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት።

በ1968 የባሏ ወንድም ጠራቸው። ከሳዎ ሚጌል በመርከብ ወደ ሳንታ ማሪያ ደሴት ሄዱ፤ ትልቁ አውሮፕላን የሚያርፈው እዚያ ነበርና። ከዚያ ወደ ቦስተን በረሩ። ባልና ሚስት፣ አራት ልጆች፣ አንድ የጨርቅ ሻንጣ። በሻንጣው ውስጥ መቀስዋና ሜትርዋ አሉ። የስፌት መኪናዋን ለእኅቷ ትታላት ሄዳለች። እናቷም ቀረች። «እንግዲህ በቁም አትይኝም፣ ልጄ» አለቻት። «ኧረ እማዬ፣ እንዲህ አትበዪ፤ አስመጣሻለሁ» ብላ መለሰች። እንዴት እንደምታስመጣት ግን አታውቅም።

ፋብሪካው

የሰፈሩባት ከተማ ፎል ሪቨር ትባላለች፤ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ናት። ኤልያስ ሃው በ1846 የስፌት መኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በዚሁ ክፍለ ሀገር እየኖረ ነው። ፎል ሪቨር ዱሮ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ብዙዎቹ በግራናይት ድንጋይ የተሠሩ፣ አራትና አምስት ፎቅ ያላቸው፣ ከመቶ በላይ ፋብሪካዎች ነበሯት። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ አብዛኞቹ ተዘጉ። ባዶ የቀሩትን ሕንፃዎች ልብስ የሚሰፉ ድርጅቶች ተከራዩአቸው። በአንዱ ፎቅ ቀሚስ፣ በሌላው ፎቅ ሸሚዝ ወይም መጋረጃ ይሰፋል። መኪናው ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ፖርቱጋላውያን ነበሩ።

በደረሰች በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገባች። አለቃው ቋንቋዋን አያውቅም፤ እርሷም የእርሱን አታውቅም። አንድ እጅጌ ሰጣትና በእጁ አሳያት። ሰፋችው። መልሳ ስትሰጠው አገላብጦ አየና ወንበሩን አመለከታት። ፈተናው ይኸው ነው።

ነገር ግን ሥራው በመንደር እንደምታውቀው አልነበረም። በመንደር ልብሱን የምትለካውም፣ የምትቆርጠውም፣ የምትሰፋውም አንዷ ናት። በፋብሪካ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ ኪስ ብቻ፣ እርሷ እጅጌ ብቻ። መኪናውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በደቂቃ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ስፌት የሚወጋ ነው። እግርን ትንሽ ጫን ሲያደርጉት ጨርቁን ከእጅ ነጥቆ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር መርፌው ጣቷን ወጋው። በዚያ ወለል ላይ ጣቷ ያልተወጋ ሴት የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ብናኙ ፀጉር ላይ ያርፋል። ማታ ቤት ስትገባ ልጆቿ ከሹራቧ ላይ ክር ይለቅሙላታል።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ፤ ጠለቅ ብለን ልናየው ይገባል። ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በተሰፋው ብዛት ነበር። የተቆረጠው ጨርቅ በእስር በእስር ሆኖ ይመጣል። በእያንዳንዱ እስር ላይ ቲኬት ይንጠለጠላል። በቲኬቱ ላይ የእስሩ ቁጥር፣ የልብሱ ልክ፣ የሥራው ዓይነት ተጽፎበታል። ሰፊዋ ሥራዋን ስትጨርስ የራሷን ሥራ የሚመለከተውን ቁራጭ ከቲኬቱ ላይ ቆርጣ ትወስዳለች። ቁራጮቹን በአንድ ወረቀት ላይ አጣብቃ ለሒሳብ ክፍል ታስረክባለች። ቁራጩ ከጠፋ ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ደርዘን ሸሚዝ ላይ እጅጌ መግጠም 30 ሣንቲም ይከፈልበታል እንበል። በ1968 የአሜሪካ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 1 ዶላር ከ60 ነበር። ስምንት ሰዓት 12 ዶላር ከ80 ይሆናል። እዚያ ለመድረስ 43 ደርዘን፣ ማለት 516 ሸሚዝ ላይ እጅጌ መግጠም ያስፈልጋል። ስምንት ሰዓቱን ለ516 ብናካፍለው ለአንዱ ሸሚዝ 56 ሰኮንድ ያህል ይደርሰዋል። ሁለቱንም እጅጌ ነው። ክር መቀየር፣ ውሃ መጠጣት፣ ወደ መጸዳጃ መሄድ ሁሉ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ከ1938 ጀምሮ ባለው ሕግ ሠራተኛዋ ዝቅተኛውን ካልሞላች አሠሪው ሊሞላላት ይገባዋል። ሕጉ እንዲህ ይላል። ሁልጊዜ የሚሞላላት ሴት ግን ወንበሯ ላይ ብዙ ጊዜ አትቆይም። እንዲሁም ሁለት ደርዘን የያዘ የአንድ እስር ቁራጭ ብትጥል 60 ሣንቲም ጠፋባት ማለት ነው። ሃያ ሁለት ደቂቃ በነፃ ሠራች ማለት ነው።

የእኛይቱ እናት እጇ ፈጣን ነበር። ቁጥርም ከሜትርዋ ላይ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ደመወዟ ከጎረቤቷ አነሰ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ይኸው ሆነ። ስታለቅስ ያየቻት አጠገቧ የተቀመጠች የደሴቷ ሴት ወረቀቱን ተቀበለቻትና፣ «እህቴ፣ ይህን አንድ ነው ያልሽው? እነርሱ ሰባት ነው የሚሉት» አለቻት። እንደሚታወቀው በአውሮፓ 1 ቁጥር ሲጻፍ ከላይ ረዘም ያለ ጭረት ይደረግበታል፤ ሰባት ደግሞ ወገቡ ላይ ይሰረዛል። በአሜሪካ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ብቻ ነው፤ ሰባቱም አይሰረዝም። እርሷ በወረቀቱ ላይ የጻፈችውን የሥራ ቁጥር የሒሳብ ክፍሉ በሌላ ሥራ አንብቦት ነበር። አለቃው ያለፈውን አልከፈላትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንድና ሰባትን እንደ አሜሪካኖቹ ጻፈች። የምታምነውን ሜትርም ለወጠች፤ እርሷ የምታውቀው በሴንቲ ሜትር ነው፣ እዚያ የሚለካው በኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው።

የቤቱ ሒሳብ

ባሏ በጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ነበር። እርሷ ስትመጣ እርሱ ይሄዳል። ልጅ የሚጠብቅ አላጡም፤ ነገር ግን ባልና ሚስት የሚተያዩት እሑድ ብቻ ነበር። በብዙ የፖርቱጋላውያን ቤት እንደሚደረገው ሁሉም የደመወዙን ፖስታ ሳይከፍት ለእናትየዋ ያስረክባል። እርሷ ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለማሞቂያ ነዳጅ ትከፋፍላለች። የቀረውን በቆርቆሮ ታስቀምጣለች። ማታ ማታ ለጎረቤት ትሰፋለች። በመንፈስ ቅዱስ በዓል ልጃገረዶች ነጭ ቀሚስ ለብሰው በሰልፍ ይወጣሉ፤ ለሁሉም ሰው የሥጋ ሾርባና ዳቦ ይታደላል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት በቤቷ ውስጥ መብራት አይጠፋም ነበር።

አሁን ግን ደስ የማይለውን መናገር አለብን። በማሳቹሴትስ ልጅ እስከ 16 ዓመቱ መማር ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ መሥራት ይችላል። በፎል ሪቨርና በኒው ቤድፎርድ ብዙ ፖርቱጋላውያን ወላጆች ልጆቻቸው 16 ሲሞላቸው ከትምህርት ቤት አውጥተው ፋብሪካ አስገብተዋል። ይህችም እናት የበኩር ልጇን በ1970 አስወጣች። ልጅቱ ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ እንግሊዝኛም ለቤተሰቡ አስተርጓሚ እርሷ ናት። «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀረኝ» አለች። እናትየው፣ «እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው የጀመርኩት፤ ሦስቱ ታናናሾችሽ ምን ይብሉ?» አለቻት። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ጎን ለጎን መኪና ላይ ተቀመጡ።

እኛ እናትየዋን አንወቅስም፤ የልጅቱን ኀዘን ግን አቅልለን አናይም። የእናት ታታሪነት ሲነገር ብዙ ጊዜ የበኩር ልጅ ድርሻ ይረሳል። ትንሹ ልጅ ኋላ ኮሌጅ የገባው በእኅቱ ደመወዝ ጭምር ነው። እርሷ ለብዙ ዓመት ከእናቷ ጋር ስለዚህ ነገር አልተነጋገረችም። ፖስታዋን ግን እስክታገባ ድረስ ሳትከፍት ታስረክብ ነበር።

ፊደል

አሜሪካ የገባ ሰው አምስት ዓመት ከኖረ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ዜጋ የሆነ ሰው ወላጆቹን ከቁጥር ገደብ ውጪ ማስመጣት ይችላል፤ እኅትና ወንድም ለማስጠራትም ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ሆኖም ሕጉ እንግሊዝኛ መናገር፣ ማንበብና መጻፍን ይጠይቃል። በፋብሪካው ወለል ላይ የሚነገረው ፖርቱጊዝ ስለሆነ አምስት ዓመት ሠርታ እንግሊዝኛ አላወቀችም። በራሷም ቋንቋ ማንበብ አትችልም። እናቷ ደግሞ እያረጀች ነው።

በ1973 የማታ ትምህርት ጀመረች። አሥር ሰዓት ከሥራ ትወጣለች፤ ወጥ ትጥዳለች፤ በአንድ ሰዓት ትምህርት ቤት ትገኛለች። በመጀመሪያው ማታ እርሳስ ስትይዝ እጇ ተንቀጠቀጠ። 516 ሸሚዝ የሚገጥም እጅ አንድ «ሀ» አልጽፍ አለ። ልታቆም ነበር። ያን ጊዜ የበኩር ልጇ ከስፌት ሣጥኑ ውስጥ ጠመኔ አወጣችና በቁራጭ ጨርቅ ላይ የእናቷን ስም ጻፈችላት። «ስፊው» አለቻት። እናትየው ክር ሰክታ ንድፉን ተከትላ ሰፋችው። አንዱን ፊደል አወቀችው፤ በልጅነቷ በአንሶላ ጫፍ ላይ ስንት ጊዜ ጠልፋዋለች። «ይህ እኮ የማሪያዎች ሁሉ ፊደል ነው» አለች። «አዎ፣ እማዬ። እም ይባላል» አለች ልጅቱ።

ከዚያ በኋላ በየማታው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ በክር፣ ቀጥሎ በእርሳስ ተማረች። የሚነበብ ነገር አላጣችም። የዱቄት ከረጢት፣ የፋብሪካው ቲኬት፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ማስታወቂያ። ለሴቶች ልብስ ሰፊዎች በ1900 የተቋቋመ ትልቅ ማኅበር ነበርና በወለሉ ላይ ስለ ሕክምናና ስለ ዕረፍት ቀን የተጻፈ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ያንን ወረቀት ራሷ አነበበችና የሚገባት ዕረፍት እንዳለ ለአጠገቧ ሴቶች ነገረቻቸው።

በ1975 ፈተና ገባች። መርማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር አስነበባት፤ አንዱን አጻፋት። ሁለተኛው ላይ አንድ ፊደል ዘለለች፤ ቢሆንም አለፈች። በሚቀጥለው ዓመት እናቷ በጥቁር ሻሽ ተከናንባ ከአውሮፕላን ወረደች።

ቆየት ብለው ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት ገዙ። እንዲህ ያሉ ቤቶች በዚያች ከተማ ብዙ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ቤተሰብ ይኖራል። በታችኛው እርሷ፣ ባሏና እናቷ፣ በመካከለኛው የበኩር ልጇ ከባሏ ጋር ሆኑ። የላይኛውን አከራዩት። በጓሮ ጎመንና ወይን ተከሉ። እሑድ እሑድ ባቄላ፣ ድንችና ቋሊማ ያለበት የጎመን ሾርባ ይሠራል፤ የቀረ ሰው ካለ ለምን እንደቀረ አቮ ትጠይቃለች። ሁሉም ትንሽ ይፈሯታል።

የልብስ ፋብሪካዎቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይም በ1990ዎቹ፣ ጉልበት ወደሚረክስባቸው አገሮች እየሄዱ ተዘጉ። እርሷ ጡረታ በወጣች በጥቂት ዓመት ውስጥ ወለሉ ባዶ ሆነ። የበኩር ልጇም በአርባ ዓመቷ ሥራ አጣች። ያን ጊዜ ያቋረጠችውን ሁለተኛ ደረጃ የሚተካውን ፈተና ልትፈተን ተመዘገበች። ማታ ስታጠና እናትየው የልጅ ልጆቹን ወደ ታችኛው ፎቅ ወስዳ ታስተኛለች። ልጅቱ የምስክር ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ አቮ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ፣ «ያኔ አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር» አለች። ልጅቱም፣ «አዎ፣ እማዬ» አለች። ወረቀቱን አቮ ራሷ በመስታወት አስገብታ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቀለችው።

ለመወያያ፦ በምሳሌአችን የአንድ ደርዘን ዋጋ ከ30 ወደ 25 ሣንቲም ቢወርድ፣ 12 ዶላር ከ80 ለማግኘት ስንት ደርዘን መስፋት ያስፈልግ ነበር? እናትየዋ በ1970 ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር? በአካባቢያችሁ ስፌት የሚያውቁ እናቶች ካሉ ሙያውን ከማን እንደተማሩ ጠይቋቸውና ጽፋችሁ አምጡ።